ከደሴ ተነስቶ መርከብ ላይ፦ ባልና ሚስት ለመጀመሪያው አጭር ክሩዝ እንዴት ይዘጋጃሉ?

ደሴ መናኸሪያ ሚኒባስ ሳይሞላ አይነሳም። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ግማሽ ሰዓት ያስቀምጣችኋል። መርከብ እንዲህ አይደለም። ሰዓቱ ሲደርስ ገመዱን ፈትቶ ይሄዳል። ሻንጣችሁ ውስጥ ሆኖ እናንተ ውጭ ብትቀሩም ጉዳዩ አይደለም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ በመርከብ ለሽርሽር የሚሄዱ ባልና ሚስት ዋናው ሥራቸው ከመሳፈራቸው በፊት ነው። ከወጣችሁ በኋላማ መብላትና መተኛት ነው።

እኔና ባለቤቴ የሄድነው ከዱባይ ተነስቶ የኦማን ዋና ከተማ ሙስካት ደርሶ የሚመለስ የ4 ሌሊት ጉዞ ነበር። አማቼ በወጣትነታቸው አሰብ ድረስ ከባድ መኪና ይነዱ ነበር። የምንሄድበትን ስንነግራቸው «መርከብ ዕቃ አይደል እንዴ የሚጭነው?» አሉን። ቀጥለው መረቁን።

መጀመሪያ ቀኑን ከጾሙ ጋር አስታርቁ

ከዱባይ የሚነሱ የሽርሽር መርከቦች በብዛት የሚሠሩት ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ሰኔና ሐምሌ ላይ እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ደሴ ላይ ጃኬት ለብሶ ለሚያድር ሰው እሱ ሽርሽር ሳይሆን ቅጣት ነው።

ችግሩ፣ ወቅቱ ከጾም ጋር ይጋጫል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ይዘልቃል። ዐቢይ ጾም ደግሞ ከየካቲት 1 በፊት አይገባም። እንግዲህ ለጿሚ ሰፊው ክፍት ጊዜ ከገና በኋላ እስከ ጥር ማለቂያ ነው። የገሃድ ጾም፣ ነነዌ፣ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ይቀራሉ። በጥር የምታገቡ ሙሽሮች እድለኞች ናችሁ፤ ጫጉላችሁ ልክ እዚያ ላይ ይወድቃል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ እሱም ወደ ጥር እየተጠጋ ነው። የሚጾም ካለ የዓመቱን ቀን አይቶ ይወስን።

ጾም ውስጥ ብትሄዱም አትራቡም። መርከቦች ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ምግብ ይሠራሉ። ግን ስትመዘግቡ ቀድማችሁ ተናገሩ። ሐላል የምትፈልጉም እንደዚያው። «እዚያ ስንደርስ እንነግራቸዋለን» ካላችሁ አራት ቀን ሰላጣ ነው።

ደግሞ አካባቢው ሲደፈርስ መርከቦች መስመር ይቀይራሉ፣ አንዳንዴም ይሰርዛሉ። በ2016 ቀይ ባሕር ላይ መርከቦች መመታት ሲጀምሩ ብዙ ድርጅት አቅጣጫውን ቀይሯል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ቢሰረዝ ምን ያህሉ እንደሚመለስ ጠይቁ።

ካቢንና ዋጋ

ማስታወቂያ ላይ የምታዩት ዋጋ የአንድ ሰው ነው፤ ያውም ሁለት ሆናችሁ አንድ ካቢን ስትካፈሉ። በሁለት አባዙት። እኛ መጀመሪያ ያየነውን ቁጥር የሁለታችን መስሎን አንድ ምሽት ሙሉ በደስታ አሳልፈናል።

ካቢኑ በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ነው፤ መስኮት የሌለው፣ መስኮት ያለውና በረንዳ ያለው። መስኮት የሌለው ርካሽ ነው። ለ4 ሌሊት እኔ እሱን እመርጣለሁ፤ ባሕሩን ለማየት ከላይ ሙሉ ወለል ተዘርግቶላችኋል። ጨለማና ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ግን ለመስኮት ይክፈል። ከዓይነቱ በላይ ቦታው ይጠቅማል። የመርከቡ መሐልና ታችኛው ወለል ላይ መወዛወዙ ይቀንሳል። ከፊትና ከኋላ ጫፍ፣ ከላይም፣ ይብሳል። አልጋው ሁለት ሆኖ ሊጠብቃችሁ ስለሚችል «ይጋጠምልን» ብላችሁ አስመዝግቡ።

እርጉዝ ከሆንሽ ቀድመሽ ተናገሪ። ብዙዎቹ ድርጅቶች 24 ሳምንት የደረሰች እናት አይጭኑም።

ወረቀቱ፣ በተለይ ቪዛው

ፓስፖርታችሁ ከጉዞው በኋላ ቢያንስ 6 ወር ይቅረው። የሚታደስ ካለ ደሴ ባለው የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ በጊዜ ጀምሩ።

ቪዛ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡኝ። ከዱባይ ተነስታችሁ ሙስካት ስትገቡ ዱባይ ካለችበት አገር፣ ከኤምሬትስ፣ ወጥታችኋል። መርከቡ ዱባይ ሲመለስ እንደ አዲስ ትገባላችሁ። ለአንድ ጊዜ መግቢያ የሚሰጥ ቪዛ እዚህ ላይ ጉድ ያደርጋል። የሚያስፈልጋችሁ መልቲፕል፣ ማለትም ደጋግሞ የሚያስገባው ነው። የእኛ የጉዞ ወኪል ያዘጋጀልን ለአንድ ጊዜ የሚሆነውን ነበር። ያወቅነው ባለቤቴ ያለወትሮው ትንንሾቹን ፊደላት ስላነበበ ነው። ወኪሉ «አብሽሩ፣ ችግር የለውም» አለን። ችግር እንዳለው የነገረን የመርከቡ ድርጅት ነው፤ ኢሜይል ጻፍንና በግልጽ መለሰልን። እናንተም ወኪልን ብቻ አትመኑ። መርከቡ በሚቆምባቸው አገሮች ሁሉ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ምን እንደሚጠየቅ በጽሑፍ አስመልሱ።

የቢጫ ወባ ካርዳችሁንም ያዙ። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋችሁ 10 ቀን በኋላ ነው፤ ዋዜማ ላይ ተወግቶ መሮጥ አይሠራም። አንዴ ከወሰዳችሁ ግን ለዕድሜ ልክ ነው።

ገንዘብ፦ «ሁሉም ተከፍሏል» ማለት ሁሉም አይደለም

ካቢኑ፣ ዋናው ምግብ ቤትና ትርኢቱ ተከፍሏል። መጠጥ፣ ለስላሳ፣ ዋይፋይ፣ በየወደቡ የሚደረገው ጉብኝትና ለሠራተኛው በየቀኑ የሚታሰበው ጉርሻ በአብዛኛው ለብቻው ነው። ጉርሻው በሰው በሰው ይታሰብና መጨረሻ ላይ ይደመራል። መወጣጫው ላይ «ፈገግ በሉ» የሚለው ፎቶ አንሺም በነፃ አያነሳም። ካቢን ያለውን ማቀዝቀዣ ከመክፈታችሁ በፊት የዋጋውን ወረቀት እዩ።

መርከብ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይመዘዝም። በር መክፈቻው ካርድ መክፈያም ነው። ከጀርባው ግን የባንክ ካርድ ወይም የጥሬ ገንዘብ ማስያዣ ይፈልጋል። ባንካችሁ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ካርድ ካላችሁ አንድ ነገር እወቁ፤ መርከቡ ከካርዱ ላይ የሚይዘው መጠባበቂያ ከጉዞው በኋላ ለመለቀቅ ቀናት ሊወስድ ይችላል። እኛ ዶላር አስይዘን ተገላገልን። ዶላሩን ከባንክ ስትገዙ ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ይጠየቃል፤ ደረሰኙን አትጣሉት፣ ቦሌ ላይ ይፈለጋል።

ማጥወልወል

ራሳችሁን ለመፈተን ባሕር አያስፈልግም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ውረዱና ሐረጎ ላይ ማን ሎሚ እንደሚያሸት፣ ማን ፌስታል እንደሚጠይቅ ተመልከቱ። ያ ሰው መርከብ ላይም መድኃኒት ያስፈልገዋል። ሐይቅ ወርዶ ጀልባ መሳፈርም ደስ ይላል፤ ግን የሐይቅ ውሃ ጸጥ ያለ ስለሆነ ስለ ባሕር ብዙ አይነግራችሁም።

ፋርማሲ ሄዳችሁ ለጉዞ ማጥወልወል የሚሆን ጠይቁ። ቁም ነገሩ ሰዓቱ ነው። መዋጥ ያለበት ማጥወልወሉ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። ብዙዎቹ እንቅልፍ ያመጣሉ። ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ለፋርማሲስቱ ንገሩ። ዝንጅብልም ይረዳል። ሲብስ ካቢን ገብታችሁ አትተኙ፤ ውጭ ወጥታችሁ ሰማይና ባሕሩ የሚገናኙበትን መስመር እዩ። እዚያ ላይ ዓይን ሲያርፍ ጭንቅላትም ይረጋጋል። «እኔ የአሰብ ሹፌር ልጅ ነኝ» ያለኝ ሰውዬ ሁለተኛውን ሌሊት የመርከቡን መደገፊያ ብረት ይዞ ነው ያነጋው።

ሻንጣው

ይህ ክፍል ላይ ወሎዬ መሆን ፈተና ነው። ጀበና ለመያዝ አስቤ ነበር። ምድጃ፣ ካውያ፣ የውሃ ማፍያ፣ ሻማ፣ ዕጣን መርከብ ላይ ክልክል ናቸው፤ እሳት ባሕር ላይ ቀልድ አይደለም። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያም ይወሰዳል። ቤት የተሠራ ምግብም ብዙዎቹ አይፈቅዱም። ቆሏችሁን አውሮፕላን ላይ ጨርሱት።

ከመርከቡ የበለጠ የሚያስፈራው ዱባይ አየር ማረፊያ ነው። ጫት ኤምሬትስ ውስጥ ሕገወጥ አደንዛዥ ዕፅ ነው። «ለመንገድ ትንሽ» የሚባል የለም። ኪሳችሁን ሁሉ፣ የጃኬት ውስጥ ኪስ ሳይቀር፣ አራግፉ። ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው ማስታገሻዎችም ቁጥጥር ስላለባቸው ያለ ፈቃድ አትያዙ። የሰው ዕቃ «አድርሱልኝ» ተብሎ ሲሰጣችሁ፣ አክስትም ብትሆን፣ እምቢ በሉ።

ልብስ ብዙ አያስፈልግም። ቀን ላይ ቀለል ያለ፣ ማታ ነፋስ ስላለ ሹራብ። አጭር ጉዞም ላይ ብዙ ጊዜ አንድ የክብር ምሽት አለ። ሐበሻ ቀሚስ ያዢ። እኔ ለብሼ ወደ እራት ስወርድ አስተናጋጇ ወንበሩን ትታ ጥበቡን በጣቷ እየነካች «በእጅ ነው የተሠራው?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ምሽት ሾርባው ሁለቴ መጣልን።

ወደብ ላይ ትልቁን ሻንጣ ይቀበሏችሁና ካቢን የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ነው። ፓስፖርት፣ መድኃኒትና ቅያሪ በእጅ ቦርሳ ይሁኑ።

መንገዱ

መርከቡ በሚነሳበት ቀን ዱባይ መድረስ የሚባል ሐሳብ ይቅር። አንድ ቀን ቀድማችሁ እደሩ። ከኮምቦልቻ የሚነሳው በረራ ሊዘገይ ይችላል። በመኪና ካላችሁም አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛ ከደሴ የወጣነው መርከቡ ከሚነሳበት ሦስት ቀን ቀድመን ነው። ጎረቤት «ምን ያስቸኩላችኋል?» ብሎን ነበር። ኮምቦልቻ ላይ በረራው ለማግስቱ ሲተላለፍ ማንም አልተደናገጠም።

ሰዓቱ

ከሁሉም በላይ ልብ በሉልኝ ብዬ የምለምናችሁ ይህን ነው። ሦስት ነገር ይደባለቃል። የእነሱ አቆጣጠር ከእኛ በ6 ሰዓት ይለያል። ዱባይና ሙስካት ከእኛ በ1 ሰዓት ይቀድማሉ። ቲኬቱ ላይ ያለው ቀንም በፈረንጅ ነው።

ሙስካት ላይ መርከቡ የሚቆመው ሙጥራሕ ሲሆን ገበያው ቅርብ ነው። ዕጣኑ ከሩቅ ይሸታል፤ ልክ እሑድ ጠዋት ደሴ ያለ ቤት። መውጫው ላይ «ሁሉም ተሳፋሪ 4:30 ይመለስ» የሚል ተለጥፎ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ማለት ነው። ባለቤቴ 6 ቀንሶ «10 ሰዓት ተኩል» አለ። ልክ ነው። ግን የእጁን ሰዓት ከደሴ እንደወጣ አልነካውም። ዕጣን እየተከራከረ ሳለ ሰዓቱን አሳየኝ፤ 9 ከሩብ ይላል። «አንድ ሰዓት ከሩብ አለን፣ አብሽሪ» አለኝ። ስልኬን ሳወጣ 4:15 ይላል። የቀረን አንድ ሰዓት ከሩብ ሳይሆን 15 ደቂቃ ነው። በቅርጫት የተሸከምነውን ዕጣን ይዘን እስከ ወደቡ አውቶቡስ ድረስ ሮጥን። ለዚያውም መርከብ ውስጥ የማይለኮስ ዕጣን፤ በር ላይ ተረከቡንና ስንወርድ መለሱልን።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቤት እያላችሁ ቲኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት ሁሉ በአንድ ወረቀት፣ በእኛ አነጋገር ጻፉ፤ 17:00 ማለት ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ዱባይ ስትወርዱ የእጅ ሰዓታችሁን አንድ ሰዓት አስቀድሙ። ወደብ ላይ ስትወርዱ ከተባለው አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ተመለሱ።

ባሕሩ ላይ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ አድርጉት። የመርከቡ ኔትወርክ በሳተላይት ስለሆነ ሂሳቡ ያስደነግጣል። መጀመሪያ ቀን ላይ የአደጋ ጊዜ ልምምድ አለ፤ ግዴታ ነው። ምልክቱ ሰባት አጭር ጡሩንባና አንድ ረጅም ነው። የምትሰበሰቡበትን ቦታ ሁለታችሁም እወቁት፤ «እሱ ያውቀዋል» አይባልም።

የመጨረሻው ማታ

ከመውረዳችሁ በፊት ባለው ማታ ሻንጣችሁን ከካቢኑ በር ውጭ አስቀምጡ ትባላላችሁ። ሌሊት ይሰበሰብና ጠዋት ወደቡ ላይ ታገኙታላችሁ። ሂሳቡን ከመውረዳችሁ በፊት መስመር በመስመር እዩ፤ ያልጠጣችሁት ውሃ ካለ እዚያው ይሰረዝ። የነገውን ልብስ ግን ለይታችሁ አስቀሩ። ባለቤቴ በጥንቃቄ አጣጥፎ ሁሉንም ሱሪ ሻንጣ ውስጥ ከተተና በር ላይ አስቀመጠ። ጠዋት ቁርስ የቀረበው በፒጃማ ሱሪና በሰርጋችን ኮት ነው።