ዳሌው ክፉኛ የተጎዳ ልጅ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ እንዴት እንከታተለው?

የልጅ አጥንት ቶሎ ይገጥማል። በጥቂት ወራት ውስጥ ልጁ መሮጥ ሲጀምር "ተመስገን፣ አለፈ" ብለን ክትትሉን እንተዋለን። እባካችሁ አትተዉት። የጭኑ አጥንት የሚገባበት የዳሌ ጎድጓዳ የሚያድገው በመሃሉ ባለው ለስላሳ አጥንት ነው። በአደጋው እሱ ከተጎዳ ጣጣው ከዓመታት በኋላ ብቅ ሊል ይችላል።

መጀመሪያ ወረቀቱን ሰብስቡ። ራጁ፣ ሲቲ ስካኑ፣ የቀዶ ጥገናው ማጠቃለያ፣ ሰውነቱ ውስጥ ብረት ከቀረም እሱ የተጻፈበት፣ ሁሉም አንድ ክላሰር ውስጥ ይግባ።

ቀጥሎ እግሩን መቼ እንደሚረግጥ ሐኪሙን ጠይቁ። ስላላመመው ብቻ ክራንቹን አታስጥሉት። የፊዚዮቴራፒውን እንቅስቃሴ በየቀኑ አብራችሁት ሥሩ።

ከዚያ ሽንቱን ተከታተሉ። ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ይህን ነው። የተጎዳ የሽንት ቱቦ ወራት ቆይቶም በጠባሳ ሊጠብ ይችላል። ሽንቱ ቀጥኖ ይወርዳል? ለመሽናት ያምጣል? ቶሎ ቶሎ ያቃጥለዋል? ሰገራ ይደርቅበታል? ጥቂት ቀን ደብተር ላይ መዝግቡና ለሐኪሙ አሳዩ። ልብሱን ካረጠበ አትቆጡት፤ ሳያፍር እንዲነግራችሁ የእናንተ ፊት ወሳኝ ነው። ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለው፣ መቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘ ወይም እግሩ ድንገት ከዛለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

በየጥቂት ወሩ ደግሞ የሁለቱ እግሮቹ ርዝመት እኩል መሆኑን ለማየት ባዶ እግሩን፣ ጉልበቱን ዘርግቶ አቁሙት። ከኋላው ተንበርከኩና እጆቻችሁን በግራና ቀኝ የዳሌው አጥንት አናት ላይ አሳርፉ። አንዱ እጅ ዝቅ ካለ በዚያ በኩል ባለው እግር ሥር ስስ መጽሐፍ አስገቡ፤ ሁለቱ እስኪስተካከሉ ጨምሩ። የመጻሕፍቱን ውፍረት በማስመሪያ ለክታችሁ ከነቀኑ ጻፉ። ልዩነቱ እየሰፋ ከሄደ የአጥንት ሐኪም ይየው። ይህ ግን ራጅን አይተካም። ያ የዳሌው ጎድጓዳ ለስላሳ አጥንት ብዙውን ጊዜ በሴቶች ከ12 እስከ 14፣ በወንዶች ከ14 እስከ 16 ዓመት አካባቢ ጠንክሮ ስለሚዘጋ የሐኪሙ ክትትል እድገቱ እስኪያበቃ ይቀጥል።

ልቡንም እዩለት። ከአንድ ወር በኋላም እየቃዠ የሚነቃ ወይም የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር የሚደነግጥ ከሆነ የልጆች የሥነ ልቦና ባለሙያ ያነጋግረው።

ሴት ልጅ ከሆነች ስታድግ ክላሰሩን ለራሷ ስጧት። ዳሌዋ ተዛብቶ ገጥሞ ከሆነ፣ ስታረግዝ ሐኪሟ አስቀድሞ ማየት አለበት።