የቃላት ፍሰት ምርመራ ስንሰጥ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንጎል ቃላትን ፈልጎ የማውጣት አቅሙን ለሚለካው የቃላት ፍሰት ምርመራ ወረቀት፣ እስክሪብቶና ሰዓት ይበቃሉ፤ ታካሚው በ60 ሰከንድ ውስጥ የእንስሳት ስም ወይም በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላት እንዲጠራ ይጠየቃል። ቀላል መምሰሉ ግን ብዙ ጊዜ ያዘናጋል።

በሐረርና በድሬዳዋ ከሁሉ የከፋው ስህተት ታካሚው የሚቀናውን ቋንቋ ሳይጠይቁ በአማርኛ ብቻ እንዲመልስ ማስገደድ ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ ጎን ለጎን በሚነገሩበት አገር፣ ዕድሜያቸውን በኦሮምኛ ሲነግዱ የኖሩ እናት «ጅብ፣ አህያ፣ ፍየል» ካሉ በኋላ «ዋራቤሳ» ቢሉ ቃሉ እንደ ስህተት ሊሰረዝ አይገባም። ዋራቤሳ ያው ጅብ በመሆኑ ሁለቱ እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ ቋንቋ መቀየራቸው ግን በኅዳግ ይመዝገብ።

ሁለተኛው ስህተት በእንግሊዝኛ የተለመዱትን ኤፍ፣ ኤ እና ኤስ የተባሉ ፊደላት ሳያመዛዝኑ ወደ አማርኛ ማዛወር ነው። አማርኛ የራሱ ወጥመዶች አሉት። «መ» ቢመረጥ መብላት፣ መጠጣት፣ መሄድ እያሉ ግሦችን መደርደር ይቻላል፤ «ለ»፣ «በ»፣ «ከ» እና «የ» ደግሞ በማንኛውም ስም ላይ ስለሚለጠፉ ውጤቱን ያለአግባብ ያሳብጣሉ። እንዲህ ዓይነት ቃላት ይቆጠሩ እንደሆነ፣ ከ«በ» ጋር «ቡ» እና «ቢ»ም ይፈቀዱ እንደሆነ አስቀድሞ ተወስኖ ለታካሚው በምሳሌ ሊነገረው ይገባል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው በዚህ የፊደል ክፍል ጥቂት ቃላት ብቻ ቢጠራ ውጤቱ የአንጎል ጉዳት ማስረጃ አይሆንም፤ የእንስሳቱ ክፍል ይበቃዋል።

ሦስተኛው ድምሩን ብቻ መያዝ ነው። ቃላቱን በየ15 ሰከንዱ ለይቶ፣ በተጠሩበት ቅደም ተከተል መጻፍ ይሻላል፤ ታካሚው ከቤት እንስሳት ወደ አራዊት በቀላሉ መሻገሩ ወይም እዚያው መሽከርከሩ፣ የተናገረውንም መደጋገሙ የሚታየው በዚህ ብቻ ነውና። በአልዛይመር (አንዱ የመርሳት በሽታ ዓይነት) ብዙውን ጊዜ ከፊደል ይልቅ የእንስሳቱ ክፍል ይጎዳል፤ የአንጎል የፊት ክፍል ሲጎዳ ግን ቃላትን በሥርዓት የመፈለግ አቅም ስለሚዳከም የፊደሉም ክፍል በጉልህ ይቀንሳል።

ታካሚው ዝም ሲል «ውሻስ?» ብሎ መጠቆም ምርመራውን ያበላሸዋል። የመስማት ችግርን፣ ድባቴን፣ የእንቅልፍ እጦትንና በዕለቱ ጫት መቃሙን ሳይጠይቁ ውጤት መተርጎም፣ ከሌላ አገር የመጣ መመዘኛን እንዳለ መጠቀም፣ በዚህ አንድ ምርመራ ብቻ የመርሳት በሽታ አለ ብሎ መደምደምም እንዲሁ ስህተት ነው። ከወራት በኋላ ለውጥ ለማየት ከተፈለገ፣ ታካሚው በቀድሞው ቋንቋና በቀድሞው ደንብ ተመርምሮ በቅድሚያ ከራሱ የቀድሞ ውጤት ጋር ይነጻጸር።