ሥዕል ሸጣችሁ የማታውቁ የጅማ ልጆች፣ እንዲህ ጀምሩ

ግድግዳችሁ ሞልቷል፣ አልጋ ሥርም የተጠቀለለ ሸራ አለ፣ ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ «ይሄንን ለምን አትሸጡትም?» ይላል። ያ እንግዳ ግን አይገዛም። የሚገዛው የማያውቃችሁ ሰው ነው። እሱ ደግሞ አድንቆ ሳይጨርስ «ስንት ነው?» ይላል። ብዙ ጀማሪ የሚንተባተበው እዚህ ጋ ነው። «እ… አንተ ስንት ትለዋለህ?» ብሎ ጥያቄውን ወደ ገዢው መመለስ፣ ወይም ሰውየው ምንም ሳይል «ግዴለም እንቀንሳለን» ማለት። ስለዚህ ቦታ ከመፈለግም፣ ፍሬም ከማሠራትም በፊት ዋጋውን ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ጨርሱት።

ዋጋው

ቀላሉ መንገድ በስፋት ማስላት ነው። ርዝመቱን በወርዱ አባዙ፣ ለአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ዋጋ ቁረጡ፣ ለሸራ፣ ለቀለምና ለፍሬም ያወጣችሁትን ደምሩበት። ለምሳሌ 30 በ40 የሆነ ሥዕል 1,200 ካሬ ሴንቲ ነው። ለአንዱ 1 ብር ከ50 ብትሉ 1,800 ብር ይመጣል። ፍሬምና ቀለም 700 ብር ከፈጀ ሥዕሉ 2,500 ብር ነው ማለት ነው። 20 በ30 የሆነው ደግሞ 900 ብር ይመጣና የዕቃው ወጪ ይደመርበታል። ቁጥሮቹን ለስሌቱ ብቻ ነው ያነሳሁት፣ የእናንተን እናንተ ታውቃላችሁ። በሰዓት የሚያሰሉም አሉ፤ ለጀማሪ ግን አልወደውም፣ ምክንያቱም አንዷ እጅ አልሳል ብላችሁ ሦስት ቀን የፈጀባችሁን ገዢው የሚከፍልበት ምክንያት የለም።

መጠናቸው እኩል የሆኑ ሥዕሎች ዋጋቸውም እኩል ይሁን። «ይሄኛውን በጣም ስለምወደው» ብላችሁ እጥፍ ከጠራችሁ ገዢው ልዩነቱ አይታየውም፣ የሚታየው ዋጋ እንደመጣላችሁ የምትጠሩ መሆናችሁ ብቻ ነው። በጣም የምትወዱትን አትሽጡት፤ ቤት ይቀመጥ።

«መጨረሻው ስንት ነው?» የሚለው አይቀርላችሁም። አትቀየሙ። ይሄ ሰው ጫማም ሲገዛ፣ ሽንኩርትም ሲገዛ የሚጠይቀው ነው። ሁለት አማራጭ አላችሁ። አንደኛው ዋጋውን በካርድ ጽፎ ሥዕሉ ጎን መለጠፍና «የተለጠፈው ነው» ማለት ነው፤ የተጻፈ ዋጋ ክርክር ይቀንሳል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አሥር በመቶ ያህል ጨምሮ መጥራትና ያንን ብቻ መልቀቅ። ሁለቱን አትደባልቁ። ጠዋት በ2,500 የሸጣችሁትን መጠን ከሰዓት በ1,500 ከለቀቃችሁ የጠዋቱ ሰውዬ መስማቱ አይቀርም፣ ጅማ ወሬ ቶሎ የሚደርስበት ከተማ ነው። ለዘመድና ለጓደኛም አስቀድማችሁ ወስኑ፦ ወይ ስጦታ ነው፣ ወይ ሙሉ ዋጋ ነው። «ለኔማ በነጻ አይሆንም እንዴ?» የሚል ሰው ግማሽ ዋጋም ቢከፍል ከፍዬ ገዛሁ አይልም።

የሚሰቀል ዕቃ ይሁን

ገዢ ቤቱ ወስዶ ሚስማር ላይ የሚያንጠለጥለውን ነው የሚፈልገው። ፍሬም በሌለው ሸራ የሚደሰተው ሠዓሊ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ጅማ መሆናችሁ ጠቅሟችኋል። የጅማ በርጩማ በአገር የታወቀ ነው፣ ከተማው ውስጥ እንጨት የሚገባው ሰው ሞልቷል። የእንጨት ባለሙያ ጋ ሄዳችሁ ቀለል ያለ ፍሬም ከአምስትና ከስድስት በላይ በአንዴ ስታሠሩ ዋጋው ይሻላል። ዋንዛ ያምራል። ብቻ እንጨቱ የደረቀ መሆኑን አረጋግጡ፤ እርጥብ ከሆነ ከወር በኋላ ይጣመምና ሸራውንም ይዞት ይጣመማል። ሥዕሎቻችሁን ሁሉ ሦስት መጠን ላይ ብትወስኗቸው ፍሬሙም ይቀላል፣ ዋጋውም ይቀላል።

ጀርባውን ገልብጡት። ከላይ ወደ ታች ሲለካ አንድ ሦስተኛው ላይ፣ በግራና በቀኝ ትንንሽ ቀለበቶች ይመቱ፣ በመሃላቸው ሽቦ ይታሰር። ሽቦው ትንሽ ላላ ይበል፣ ግን ሲሰቀል ከፍሬሙ በላይ እንዳይታይ። ከዚያ እዚያው ጀርባው ላይ በእርሳስ የሥዕሉን ስም፣ የእናንተን ስም፣ መጠኑን፣ በምን ቀለም እንደተሠራና ዓመቱን ጻፉ። ዓመተ ምሕረቱ የኛ ከሆነ ዓ.ም. በሉበት፤ የውጭ አገር ሰው ከገዛው ሥዕሉን ሰባት ስምንት ዓመት እንዳያስረጀው። ስልክ ቁጥራችሁን አትርሱ። ሁለተኛ ሥዕል የሚያዘው ሰው ብዙ ጊዜ ቁጥሩን የሚያገኘው እዚያ ነው።

መድረቁን ሳታዩ ግን አታውጡት። አክሪሊክ (በውኃ የሚቀጥነው ቀለም) ላዩ በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል። የዘይት ቀለም ሌላ ታሪክ ነው፤ ስስ ሆኖ የተቀባው እንኳ ቀናት ይፈልጋል፣ ወፍራሙ ሳምንታት። የጅማ ክረምት ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ይብስበታል። ቀለሙ የወፈረበትን ቦታ በጥፍር ቀስ ብላችሁ ጫን አድርጉት፤ ገባ ካለ ገና ነው። የዘይት ቀለም ላይ ቫርኒሽ (ሥዕሉን የሚጠብቅ የመጨረሻ ልባስ) ለመቀባት ስድስት ወር ያህል መጠበቅ የተለመደ ነው፣ ስለዚህ ለመጀመሪያ ሽያጫችሁ ብላችሁ በጥድፊያ አትቀቡ።

አክሪሊክም የራሱ ጠባይ አለው። ከደረቀ በኋላም ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልስና ፌስታል ከነካው ይጣበቃል። ባጃጅ ውስጥ በፀሐይ የሄደ ሥዕል ከፌስታሉ ሲላቀቅ ቀለሙንም ይዞት ይመጣል። ፊቱን በዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ሸፍኑት፣ ፌስታሉን ከዚያ በላይ አድርጉ። ዝናብ ካለ (ጅማ መቼ ነው የሌለው?) ፌስታሉ ሁለት ይሁን።

የት ይሸጥ?

መጀመሪያ የት እንደማይሸጥ ልንገራችሁ። የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ለንድፍ መሥሪያ ይሁናችሁ። ሰዉ፣ ቀለሙ፣ የተቆለለው እህል፣ ሁሉም አለ። ሥዕል ለመሸጥ ግን ቆም ብሎ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፣ እዚያ ደግሞ የቆመ ሰው ይገፈተራል።

ለጀማሪ የምመርጠው ካፌ ነው። ባዶ ግድግዳ ያለው፣ ሰው ረዘም አድርጎ የሚቀመጥበት ካፌ ፈልጉ። ባለቤቱን ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ ከሰዓት ዘጠኝ አካባቢ አናግሩ፤ ሁለት ሥዕል ይዛችሁ ሂዱ፣ በስልክ ብቻ አታሳዩ። ስለ ድርሻው በግልጽ ተነጋገሩ። ጋለሪዎች በብዙ አገር ከ30 እስከ 50 በመቶ ይወስዳሉ። ካፌ ግን ግድግዳውን ብቻ ስለሆነ የሚሰጠው ከዚያ በጣም ማነስ አለበት፣ አንዳንዱም ግድግዳዬ አማረልኝ ብሎ ምንም አይጠይቅም። የተስማማችሁትን በአንድ ገጽ ጻፉት፦ ስንት ሥዕል እንደገባ፣ የእያንዳንዱ ዋጋ፣ ብሩን ማን እንደሚቀበል፣ ቢበላሽ ወይም ቢጠፋ ማን እንደሚከፍል፣ እስከ መቼ እንደሚሰቀል። ሁለታችሁም ፈርሙ። መጻፉ ሊያሳፍራችሁ ይችላል፤ «እኔ ስለምረሳ ነው» በሉ፣ አለቀ።

የሚሰቀልበትን ቦታ ራሳችሁ ምረጡ። ባለቤቱ በደስታ የሚያሳያችሁ ጀበና ከሚፈላበት በላይ ያለውን ግድግዳ ሊሆን ይችላል፣ ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን ስለሆነ። እምቢ በሉ። የከሰሉም የዕጣኑም ጭስ በየቀኑ እዚያ ይወጣል፣ ነጩ ሰማያችሁ ወር ሳይሞላ ቢጫ ይሆናል። ቀጥታ ፀሐይ የሚመታውንም ተዉት። ዓይን የሚያርፍበት ከፍታ ላይ፣ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ደግሞ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ስቀሉ።

ከካፌ ሌላ ሆቴል አለ፣ የበዓል ባዛር አለ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ምረቃ ሰሞን አለ። የምረቃ ቤተሰብ ከሩቅ መጥቶ የጅማን ማስታወሻ ይዞ መሄድ ይፈልጋል። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ብዙው በአውቶቡስ ነው የሚመለሰው፣ ስለዚህ ጭን ላይ የሚያዝ መጠን ይዛችሁ ቅረቡ። ትልቅ ሸራ የፈለገ ከተገኘ ከፍሬሙ አውጥታችሁ፣ ቀለም ያለበትን ወደ ውጭ አድርጋችሁ ወፈር ያለ ቱቦ ላይ ጠቅልሉለት፤ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ሲዘረጋ ይሰነጠቃል።

ጊዜውንም ተመልከቱ። በጅማ ዙሪያ ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ ነው፣ የቡና ብር ከተማ ሲገባ ሳሎኑን የሚያድስም ሰው ይበዛል። ሐምሌ ላይ ከመውጣት ኅዳር ታኅሣሥ ላይ መውጣት ይሻላል።

ምን ይዞ መውጣት?

የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይሸጣል። ችግሩ ሁሉም ይስለዋል፣ ሁሉም ከፊት ለፊት፣ ሁሉም ከአንድ ፎቶ። ጅሬን ድረስ ውጡና የሰገነቱን የእንጨት ሥራ ብቻ፣ ወይም ከኮረብታው ላይ ከተማው የሚታይበትን ሳሉ። ሌላ ሰው ያነሳውን ፎቶ ከኢንተርኔት አውርዶ፣ ገልብጦ መሸጥ ደግሞ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን መንካት ነው፣ የራሳችሁን ፎቶ አንሱ። የሰው መልክ ያለበት ሥዕል ሳሎኑ ውስጥ መስቀል የማይፈልግ ሙስሊም ቤተሰብም ብዙ ነው። ስለዚህ ከምታወጡት ግማሹ ቡና፣ ደን፣ የቦዬ ውኃ፣ ቤት የመሳሰለው ቢሆን አትከስሩም።

የቁም ሥዕል የሚያዝ ሰው መምጣቱ አይቀርም፣ «በፎቶ ትሠራላችሁ?» ብሎ። ፎቶው ብዥ ያለ ከሆነ ሌላ ጠይቁ። ግማሽ ቀብድ ሳትቀበሉ ብሩሽ አታንሱ። ንድፉን በእርሳስ አሳዩትና እሱ ራሱ «ይመስላል» ካለ በኋላ ወደ ቀለም ግቡ፤ ካለዚያ መጨረሻ ላይ «አፍንጫው የኔ አይደለም» ይመጣል። ቀሪው ብር ሥዕሉ ከመውጣቱ በፊት ይከፈል።

ስልክ ላይ

የሥዕሉን ፎቶ ጠዋት ከደጃፍ ጥላ ውስጥ፣ ያለ ፍላሽ አንሱ። ቴሌግራምም ፌስቡክም ላይ ስትለጥፉ ዋጋውንና መጠኑን አብራችሁ ጻፉ። «ለዋጋ ኢንቦክስ» የሚለውን ነገር ተዉት፣ እናንተም ስታዩት አልፋችሁ ነው የምትሄዱት። በቴሌብር ወይም በባንክ ሲከፈላችሁ ገዢው የሚያሳያችሁን ስክሪንሾት አትመኑ፣ ብሩ የራሳችሁ ስልክ ላይ መግባቱን እዩ። ለገዢው ስሙን፣ የሥዕሉን ስም፣ ዋጋውንና ቀኑን የያዘ ፊርማ ያለበት ወረቀት ስጡት፣ ቅጂውን አስቀሩ። ሽያጩ እየተደጋገመ ከመጣ ስለ ንግድ ፈቃድ የአካባቢያችሁን ንግድ ቢሮ፣ ስለ ግብር ደግሞ ገቢዎች ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ካፌው ውስጥ ከተሸጠ የባለቤቱን ድርሻ በዚያው ቀን አስገቡ፣ በባዶው ቦታም ሌላ ሥዕል በማግስቱ ስቀሉ። በወር አንድም ካልተሸጠ ዋጋ ከመቀነሳችሁ በፊት ግድግዳውን ቀይሩ።