ኡቡንቱ ከርነሉን ሲያድስ የኤንቪዲያ ድራይቨር እንዳይጠፋባችሁ

ማታ አፕዴት አድርጋችሁ ተኛችሁ። ጠዋት ስትከፍቱት ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ወይም ፊደሉ ሁሉ ገዝፎ ሁለተኛው ሞኒተር አልበራ ብሏል። አትደንግጡ። ሲስተሙን እንደገና ለመጫንም አትቸኩሉ፤ ፋይላችሁ አልተነካም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኤንቪዲያን ግራፊክስ ካርድ የሚያሠራው ድራይቨር ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ የሚገባ ሞጁል (ቁራጭ ፕሮግራም) አለው። ሞጁሉ ልክ ተወስዶለት እንደተሰፋ ልብስ ነው፤ ለአንድ የከርነል ቨርዥን ብቻ ይሆናል። ከርነሉ ሲቀየር ሌላ ይሰፋለታል። የኤኤምዲና የኢንቴል ድራይቨሮች ከከርነሉ ጋር አብረው ስለሚመጡ ይህ ጣጣ ብዙም የለባቸውም።

መጀመሪያ በቀድሞው ከርነል ግቡ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኢስኬፕን፣ በቆየ ማሽን ደግሞ ሺፍትን ተጫኑ፤ የምርጫ ዝርዝር ይመጣል። «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ከአዲሱ በታች ያለውን ቁጥር ምረጡ። ብዙ ጊዜ ዴስክቶፑ ወዲያው ይመለሳል።

ቀጥሎ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ «ዲኬኤምኤስ ስታተስ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። ዲኬኤምኤስ ከርነል በተቀየረ ቁጥር ሞጁሉን በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ከአዲሱ ከርነል ቁጥር ጎን «ኢንስቶልድ» ካላያችሁ፣ አንዱ የተለመደ ምክንያት የከርነሉ ሄደር (ሞጁሉን ለመሥራት የሚያስፈልጉ ፋይሎች) መጉደሉ ነው። ያለ ሄደር ሞጁሉን መሥራት አይቻልም። ስለዚህ «ሊኑክስ ሄደርስ ጄነሪክ» የሚባለውን ፓኬጅ በአፕት (በኡቡንቱ የፕሮግራም መጫኛ ትእዛዝ) ጫኑ። ከርነላችሁ ኤችደብልዩኢ (ለአዳዲስ ሃርድዌር የሚወጣው ዓይነት) ከሆነ በዚያው ስም ያለውን ምረጡ። ሄደሩ ሲገባ ዲኬኤምኤስ ሥራውን ራሱ ይጀምራል። ፓኬጁ ከተጫነ በኋላ ሄደሩ ከእያንዳንዱ የከርነል አፕዴት ጋር አብሮ ይመጣል።

ድራይቨሩን ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ አውርዳችሁ በእጅ የጫናችሁ ከሆነ ግን ምክሬ አንድ ነው፦ አውጡትና «አዲሽናል ድራይቨርስ» ከሚለው መስኮት ጫኑ። በእጅ የተጫነው ዲኬኤምኤስ ላይ ካልተመዘገበ በየአፕዴቱ ያስለቅሳችኋል።

«ኢንስቶልድ» እያለ ካርዱ አልሠራም ካለስ? ሴኪዩር ቡትን (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚሠራውን የደህንነት ጥበቃ) ጠርጥሩ። ሴኪዩር ቡት ሲበራ ያልተፈረመበት ሞጁል አይገባም። ድራይቨሩ ሲጫን አዲስ የይለፍ ቃል እንድታወጡ ይጠይቃችኋል፤ ሪስታርት ስታደርጉ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ብዙ ሰው «ኮንቲኒው» ብሎ የሚያልፈው እዚህ ጋ ነው። እናንተ «ኢንሮል ሞክ» (የፊርማውን ቁልፍ መዝግብ) የሚለውን መርጣችሁ ያንኑ የይለፍ ቃል አስገቡ።

በመጨረሻ በአዲሱ ከርነል ገብታችሁ «ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ» ብላችሁ ጻፉ። የካርዱ ስምና የድራይቨሩ ቁጥር ያለበት ሰንጠረዥ እስኪወጣ ድረስ የቀድሞውን ከርነል አታጥፉት።