ዱባ ወጥ የሚያበላሹ ስህተቶች

መስከረም 26 ቀን ክረምቱ ወጥቶ መጸው ይገባል፤ የጽጌ ጾምም በዚሁ ዕለት ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ድሬዳዋ ያለው ወጥ ቤቴ ከዱባ አይለይም። አዲስ ሥራ የጀመሩ ልጆችም በየዓመቱ ያንኑ ጥፋት ያጠፋሉ፤ ዱባው ላይ ውሃ ይቸልሱበታል።

እባካችሁ፣ ውሃ አትጨምሩ! ጥሬ ዱባ ከመቶ 90 ያህሉ ውሃ ነው፤ የሚበስልበትን ይዞ መጥቷል። ሽንኩርቱ በደንብ ተቁላልቶ፣ በርበሬው ከዘይቱ ጋር ከበሰለ በኋላ ዱባውን ጨምሩ፣ ድስቱን ክደኑ፣ እሳቱን ቀንሱ። ጥቂት ቆይታችሁ ስትከፍቱት የእያንዳንዱ ቁራጭ ጠርዝ ወዝቶ፣ ከሥሩ ቀይ መረቅ አቅርሮ ታገኙታላችሁ። ያ መረቅ ከዱባው የወጣ ነው። ያርብኛል ብላችሁ ከሰጋችሁ፣ ውሃ ጠብ የሚደረገው በቁሌቱ ጊዜ ነው፣ ያውም ፍል ውሃ በማንኪያ።

አንድ ጊዜ ለማኅበር ዝክር ትልቅ ድስት ጥደን፣ ለአፍታ ዞር ስል አንዲት ልጅ ሁለት ጆግ ውሃ ገለበጠችበት። «እንዳያርብን ብዬ ነው፣ እትዬ» አለችኝ። ውሃውን ለማትነን እሳት ስንጨምር ዱባው ፈረሰ፤ እሳት ስንቀንስ መረቁ እንደ ቀጠነ ቀረ። በመጨረሻ ሽሮ ነስንሰን አወፈርነው። እንግዶቹ በልተው መርቀውናል፤ የቀረበላቸው ግን ዱባ ወጥ አልነበረም። ልጅቷ ዛሬ ከእኔ የተሻለ ትሠራዋለች።

ማማሰል ሌላው ጥፋት ነው፤ ይህን እኔም አጥፍቻለሁ። ሐረር እናቴ ቤት ሳለሁ ማንኪያው ከእጄ አይወርድም ነበር፣ ዱባውም ገንፎ ይሆናል። እናቴ ማንኪያውን ተቀበለችኝና «ድስቱን በሁለት እጀታው ይዘሽ ወዝውዥው፣ ልጄ» አለችኝ። ዛሬም እንደዚያው አደርጋለሁ።

በተርነት የሚባለው፣ ቆዳው ብስኩት የሚመስለውና አንገቱ ረጅም የሆነው ዱባ ስታገኙ፣ እንዳለ አጋድማችሁ አትቁረጡት፤ እየተንከባለለ ቢላዋውን ወደ ጣት ይመልሳል። አንገቱን ከሆዱ ለዩና በተቆረጠው ጠፍጣፋ በኩል አቁሟቸው። አንገቱ ፍሬ የሌለው ጥቅጥቅ ያለ ሥጋ ስለሆነ አነስ አነስ አድርጋችሁ ክተፉት፤ አለዚያ የሆዱ ሥጋ ሟሙቶ የአንገቱ ጥሬ ይቀራል። ስትልጡት የሚወጣው ፈሳሽ እጅ ላይ ደርቆ ቆዳ ይጨመድዳል፤ አስቀድማችሁ እጃችሁን ዘይት ቀቡ።

ዱባ ጣፋጭ ነው ብላችሁ በርበሬ አትቀንሱበት። ጣፋጭ በመሆኑ ነው ደህና አድርጎ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ኮረሪማ የሚፈልገው።

ገበያ ላይ ትልቁን አትምረጡ። ቆዳውን በጥፍር ጫን በሉት፤ ከተበሳ ለጋ ነው፣ ተዉት። ከሐረጉ የተያያዘበት ዘንጉ ደርቆ አብሮት ያለውን ውሰዱ፤ ዘንጉ የተነቀለ ዱባ ቶሎ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ሐረር ደጋ ቀመስ ስለሆነች ሙሉ ዱባ መደርደሪያ ላይ ብዙ ሳምንት ይቆይልን ነበር። ድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ ግን ያን አትጠብቁ። የተቆረጠውንማ ፍሬውንና በዙሪያው ያለውን ክር ጠርጋችሁ፣ ሸፍናችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡና በሦስት ወይም በአራት ቀን ጨርሱት። ፍሬውን አትጣሉ፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በጨው ሲቆላ ለቡና ቁርስ ይሆናል።

ጥሬውን ሳትቀምሱ ድስት ውስጥ አትክተቱ። አልፎ አልፎ መራራ ዱባ ያጋጥማል። ምሬቱን የሚያመጣው ነገር በማብሰል አይጠፋም፤ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። በርበሬው ይሸፍነዋል የሚሉ ሰምቻለሁ፤ ቢሸፍነው ደግሞ የባሰ ነው፣ የሚበላው ሰው ሳያውቀው ይጠግባልና። ትንሽ ቁራጭ ምላሳችሁ ጫፍ ላይ አድርጉ፤ ከመረረ ተፉትና ዱባውን ሙሉ በሙሉ ጣሉት።