ናሙናው ሲዋሽ፦ ነዳጅ በፈሰሰበት ቦታ ከመከታተያ ጉድጓድ ውሃ ስንቀዳ

የከርሰ ምድር ውሃ ምርመራ ውጤት ግራ ሲያጋባ ብዙ ሰው ላቦራቶሪውን ይወቅሳል። እኔ መጀመሪያ የማየው የእኛን እጅ ነው።

ጠርሙሱ ውስጥ አረፋ አለ

የ40 ሚሊ ሊትሯን ጠርሙስ ሞልታችሁ ከደናችሁ። ገልብጣችሁ በጣት መታ መታ ስታደርጓት የአየር አረፋ ሽቅብ ትሮጣለች። አትናቋት። ቤንዝን (መኪና የምንሞላውን ቤንዚን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ኬሚካል ማለቴ ነው) ከውሃው ወጥቶ እዚያች አየር ውስጥ ይገባል። ውጤቱም ከእውነቱ ያነሰ ይሆናል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ አሞላሉ ላይ ነው። ጠርሙሷን ዘንበል አድርጉና ውሃውን በጎኗ ቀስ እያላችሁ አውርዱ። አፏ ላይ ውሃው ጉብ ብሎ ሲቆም ክደኑ። እንዲፈስ ግን አትተዉት፤ ናሙናውን ጠብቆ እንዲያቆይ ውስጧ የተጨመረው አሲድ አብሮ ይሄዳል። አረፋ ከታየ በአዲስ ጠርሙስ ድገሙ።

አሲዱ ሲነካው የሚንተከተክ ውሃም አለ፤ ካርቦኔት የበዛበት ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእጃችሁ አይደለም። አሲድ የሌለው ጠርሙስ ተጠቀሙ፣ በረዶ ላይ አስቀምጡ፣ ላቦራቶሪው በ14 ሳይሆን በ7 ቀን ውስጥ እንዲመረምረው ንገሩት።

ንጹሕ የነበረው ጉድጓድ በድንገት ነዳጅ አሳየ

ጠዋት ጄኔሬተሩን የሞላው ማን ነው? በዚያው ጓንት ጠርሙስ ነክቶ ይሆን? የጄኔሬተሩ ጭስስ ወዴት ይነፍሳል? ነዳጅ የሚሞላና ናሙና የሚቀዳ ሰው ለየብቻ ይሁን። ጓንት በየጉድጓዱ ቀይሩ፣ ከንጹሑ ጀምራችሁ ወደ ተበከለው ሂዱ። ላቦራቶሪው ንጹሕ ውሃ ሞልቶ ያሸገው ጠርሙስም ከናሙናዎቹ ጋር ይጓዝ። እሱም ነዳጅ ካሳየ ጉድጓዱን አትውቀሱ።

ውሃው ደፈረሰ

ፓምፑ ፈጥኗል። በደቂቃ ከ100 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ የጉድጓዱ ውሃም ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ባይወርድ ጥሩ ነው። የፒኤች፣ የኦክስጅንና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ንባቡ እስኪረጋ ጠብቁ። ላጣራው አትበሉ፤ የሚተነው ሁሉ በዚያው ይበናል።

ነዳጅ ይሸታል፣ ተንሳፋፊ ነዳጅ ግን የለም

የውሃውን ከፍታ ለኩና ከጉድጓዱ ቁፋሮ መዝገብ ጋር አስተያዩ። ውሃው ከወንፊቱ፣ ማለትም ቀዳዳ ካለው የቧንቧ ክፍል፣ በላይ ከወጣ ተንሳፋፊው ነዳጅ መግቢያ አጥቶ ውጭ ቀርቷል። ውሃው ሲወርድ ተመልሳችሁ ለኩ። ያኔ ነዳጁ ከታየ ውፍረቱን መዝግቡ፤ ከዚያ ጉድጓድ ግን የሟሟ ነዳጅ ናሙና አትቅዱ።