ድንገት ላልሰማ ጆሮ የትኛው ኮድ?

ባሕር ዳር አንድ ክሊኒክ ውስጥ መዝገብ እሠራለሁ። ሰሞኑን ኢንሹራንሱ አንድ የክፍያ ጥያቄ ደጋግሞ መለሰብን። ታካሚው ጣና ላይ ጀልባ ነጂ ነው። ጠዋት ሲነሳ ግራ ጆሮው ጭራሽ አልሰማ አለው።

ችግሩ ከሶፍትዌሩ ነው። «መስማት መቀነስ» ሲባል ወዲያው ኤች 91.9 የሚለውን የበሽታ ኮድ ያስገባል፤ ዓይነቱ ያልተገለጸ ማለት ነው። ዶክተሩ ግን «ድንገተኛ፣ መንስኤው ያልታወቀ» ብለው ጽፈዋል። ለዚህ በአይሲዲ 10 (የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታ ኮዶች ዝርዝር) የራሱ ኮድ አለው፤ ኤች 91.2።

ጎግል ላይ ኤች 91.22 ታገኛላችሁ። እሱ የአሜሪካኖቹ ነው፤ የመጨረሻዋ 2 ግራ ጆሮን ታመለክታለች። የእኛ ሲስተም የዓለም ጤና ድርጅትን ስለሚከተል አይቀበለውም። እኔ ጎኑን በማስታወሻ ጻፍኩት።

ኮዱን ከመቀየሬ በፊት ካርዱን አገላበጥኩ። ኩክ ቢሆን ኤች 61.2፣ የመድኃኒት ጉዳት ቢሆን ኤች 91.0 ነበር። የሞተር ጩኸት ይሆን ብዬም ጠረጠርኩ፤ እሱ ደግሞ ኤች 83.3 ነው። ዶክተሩን ጠየቅኳቸው፣ አይደለም አሉ። የመስማት ምርመራውን ከጥያቄው ጋር አያያዝኩት። ድንገተኛ ለመባል የተለመደው መስፈርት መስማት በ3 ተከታታይ ፍሪኩዌንሲ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት ደረጃ) ቢያንስ 30 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ)፣ በ72 ሰዓት ውስጥ መቀነሱ ነው።

ክፍያው አለፈ። የቀረኝ ያቺን አውቶማቲክ ኮድ እንዲያጠፋልኝ አይቲውን መጨቅጨቅ ነው።